ላልመጣው ገዢ ጎማ ስንፈልግ

ንጋት፣ ጎሮ

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ኤርታሌ ወርደው ወይ ራስ ዳሸን ወጥተው ነው የሚጽፉት። እኔ ከጎሮ ተነስቼ ወሎ ሰፈር ደርሼ ተመለስኩ። ርቀቱን የሚንቅ አንባቢ ካለ በዚያ መስመር ነድቶ አያውቅም ማለት ነው።

ሐሙስ ነው፤ ሰማዩ ገና አልለየለትም። የሱብሒ ሰጋጆች ከመስጊድ እየወጡ፣ ዳቦ ቤቱ መዝጊያውን እያነሳ፣ የሰፈሩ ውሾች የሌሊት ፈረቃቸውን እያስረከቡ ነው። በራችን ላይ የቆመችው ነጭ ቪትዝ አራቱም ጎማዎቿ ጥርሳቸውን ጨርሰዋል። የኋላ ግራው ሽቦ ማሳየት ጀምሯል። ጎማው ሽቦ ያሳየበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ ጎማ መግዛት ወይም በዚያ በኩል አለማየት። ሁለተኛውን ለጥቂት ሳምንታት ሞክሬዋለሁ፤ በጣም ርካሽ ነው።

ከኋላ የተቀመጡት አጎቴ ጋሽ ሙሄ ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። የቪትዟ ሊብሬ በእሳቸው ስም ነው፤ ቀን ቀን ተሳፋሪ እየጫንኩ የምሠራባት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ግን የምናገለግለው ገዢውን ነው።

ገዢውን ላስተዋውቃችሁ። ስም የለውም፣ ስልክ የለውም፤ መኪናዋን እንደሚፈልጋትም እስካሁን ለማንም አልተናገረም። ይሁን እንጂ ከተገዛችበት ዕለት ጀምሮ አብሮን ይሳፈራል። የወንበሮቹ ላስቲክ ያልተነሳው እሱ ሲመጣ በእጁ እንዲያነሳው ነው። የኋላ መስታወቷ ላይ ምንም ያልለጠፍኩት እሱ ላይወደው ይችላል ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው መኪና የሚገዛው ሊሸጠው ነው፤ እስኪሸጠው ድረስ በአደራ ይነዳዋል።

ከፊት የምትቀመጠው እናቴ ናት። አምና ግቢ ውስጥ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶለት ዳነ። የሚኒባስ ደረጃ ግን ከዚያ ወዲህ ከአቅሟ በላይ ሆነ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ረጅም መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል ሁለት ጎረምሶች ብብቷን ይዘው አንስተው አስቀመጧት። ሻርፗ ወለቀ፣ ቀሚሷ ተሰበሰበ፣ መንገደኛው ቆሞ አየ። ጎረምሶቹን መርቃ ሄደች፤ ተመልሳ ቤት ገባችና ወራት ሙሉ ከግቢ አልወጣችም። ስንለምናት «ምን ጎድሎብኝ» ነበር መልሷ። በመጨረሻ ያስወጣቻት ይህች ቪትዝ ናት፤ ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው።

አገባቧን አይቼ አልጠግብም። ጀርባዋን ለወንበሩ ትሰጣለች፤ ምርኩዟን ወደ ጎን ታስደግፋለች፤ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ በላስቲኩ ላይ ተንሸራትታ ትዞርና እግሮቿን ተራ በተራ ታስገባለች። ማንም አይነካትም። ለገዢው የተቀመጠው ላስቲክ እስከ ዛሬ የጠቀመው ሰው ቢኖር እሷ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ወሎ ሰፈር አክስቴ ከድጃ ቤት የሴቶች ዱዓ አለ፤ እማ ቪትዟ ከመጣች ወዲህ ቀርታ አታውቅም።

ተነሳን። ከበራችን እልፍ እንዳልን የውሃ ቱቦ ተቀብሮ አፈሩ የተቆለለበት ጉብታ አለ። ቱቦው ከተቀበረ ቆይቷል፤ ውሃው ገና አልሰማም። መኪናዋ ጉብታውን ስትሻገር ሆዷ ተፋቀ።

«ሰማህ ሰይዶ?» አሉ አጎቴ ከኋላ። «ገዢ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ሆዷን ነው የሚያየው።»

የቀኑን ዕቅድ ይፋ ያደረጉት ያኔ ነው። ጎማው ከተቀየረ አይቀር ከፍ ያለ ጎማ ይገባል፤ እሱ ካልበቃ ስፔሰር ይጨመርበታል። ስፔሰር ማለት ሞላው ላይ የሚገባ ወፍራም ድጋፍ ነው፤ መኪናውን ከነወንበሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚህ ዘመን ከፍ ያላለች ቪትዝ የሚጠይቅ የለም፣ አሉ። ከፍ ያለችውንም የጠየቀ እንደሌለ ለማንሳት ሰዓቱ አልነበረም።

«ከፍ ስትል እኔስ ሙሄ?» አለች እማ።

«አንቺማ እታለም፣ ከፍ ብለሽ ትታያለሽ።»

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጠዋት፣ ኦሎምፒያ

እማን አክስቴ በር ላይ አውርደን ወደ ኦሎምፒያ አመራን። ከወሎ ሰፈር ኦሎምፒያ በእግር ለሄደ ቅርብ ነው፤ በመኪና ለሚሄድ ግን ስንቅ ያስፈልጋል። መኪናው ሁሉ ቆሟል። ከጎናችን የቆመው ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ጎማዎቻችንን ሲመረምር ቆየና፣ ወንድሜ ይሄ ጎማ ነው ካልሲ አለኝ። አጎቴ መስኮታቸውን ዘጉ።

የጎማ ቁጥር አንብቦ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልግለጽ። የእኛ ጎማ ጎኑ ላይ 165፣ 70 እና 14 ተጽፎበታል። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል፤ ከመቶ ሰባ እጅ ማለት ነው። ሦስተኛው ጎማው የሚለብስበት ብረት፣ ቸርኬው፣ ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደሆነ ነው። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ጎማው ላይ ተጽፏል፣ ትርጉሙ ስልክ ላይ አለ። ብዙ ሰው ግን ጎማ የሚመርጠው እንደ ሐብሐብ ነው፤ መታ መታ አድርጎ።

የኦሎምፒያው ባለሱቅ የመስታወት ሱቅ፣ ሰፊ ሆድና በጣም ትሁት አነጋገር ያላቸው ሰው ናቸው። ቁጥሩን ስነግራቸው እንደ ሟች ስም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ሳይዝ አሁን አይመጣም፣ ቢመጣም የሚገዛው የለም አሉ። ቢሆንም አራት አላቸው፤ ለእኛ ሲሉ ከጓዳ አስወጡት። ጎማው ጥቁር ቅባት ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ጫማ ያበራል።

ጎማ ጎኑ ላይ የተወለደበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ ይጻፍበታል። ቅባቱን በጣቴ ጠርጌ አነበብኩት። ጎማው ሲወለድ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከቅባቱ ሥርም ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ነበሩት። አሳየኋቸው።

«እሱ ዲዛይኑ ነው» አሉ። ዓመቱንም ስነግራቸው አልደነገጡም። «ጎማ እንደ ማር ነው ልጄ፤ በቆየ ቁጥር ይበስላል።»

ቀጥለው ያሳዩን 185 በ70 ነበር፤ ወፍራም፣ ደረቱን የነፋ። ገዢ ይህን ሲያይ ዋጋ አይከራከርም አሉ። አጎቴና ባለሱቁ በገዢው ጠባይ ላይ እንደ ጋራ ዘመዳቸው አድርገው ተጨዋወቱ። እኔ በዚህ መሐል ስልኬ ላይ አባዛሁ። የእኛ ጎማ ጎኑ መቶ አሥራ አምስት ተኩል ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህኛው መቶ ሃያ ዘጠኝ ተኩል። ልዩነቱ አሥራ አራት ሚሊሜትር ነው። መኪናዋ ለዚህ ሁሉ ወጪ ከፍ የምትለው አንድ ጣት በማትሞላ ነገር ነው፤ ጉብታውም በዚህ አይታለልም። በዚያ ላይ ጎማው ስለሚተልቅ ዳሽቦርዱ ስልሳ ሲል እሷ ስልሳ ሦስት ትሄዳለች። ለአጎቴ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ቶሎ እንደርሳለና» አሉ።

ረፋድ፣ ቦሌ

ቦሌ መንገድ አምሯል፤ የማይወደስ ነገር የለውም። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ አበባው ተተክሏል፣ የመብራቱ ምሰሶ እንደ ሠርግ አጃቢ ተሰልፏል። የብስክሌቱ መስመር ቀለም ተቀብቶ ብስክሌት ይጠብቃል። መኪና ማቆሚያ ግን በዚህ ሁሉ ውበት መሐል ማንም ትዝ ያለው አይመስልም። መኪናዋን አንድ ጀርባ መንገድ ላይ ትተን፣ በፀሐይ ተመልሰን በእግራችን መጣን። አጎቴ ማኪያቶ አማራቸውና ገባን፤ መቶ ሃያ ብር። ሲኒውን አዙረው አዩት፤ ሲኒውም አብሮ የተሸጠላቸው መስሏቸው ነበር።

ጎማ ሻጩ የእኔ እኩያ ነው። ፀጉሩ በጄል ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች እንደ ሥዕል ተሰቅለዋል። ቪትዝ መሆኗን ስነግረው የታመመ ሰው እንዳለኝ የነገርኩት ያህል ፊቱ አዘነልኝ።

«ብሮ፣ ፊፍቲን ኢንች ግባ» አለኝ። «ሉኩም ይቀየራል፣ ሪሴሉም ይጨምራል።»

አጎቴ ሪሴል ምን እንደሆነ ጠየቁት። መኪናው መልሶ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ነው ብሎ በትዕግሥት አስረዳቸው። አጎቴ ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በአፋቸው አላመጡት። ዕድሜ ልካቸውን ሲያምኑበት የኖሩት ነገር ለካ ስም ነበረው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገዢያችን ጋሽ ሙሄን ብቻ ሳይሆን ሳይንስንም ከጎኑ አሰለፈ።

ልጁ የሚለው በሙሉ ሐሰት አይደለም። ቸርኬው ሲተልቅ የጎማው ጎን ካጠረ፣ ጠቅላላ ቁመቱ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። እሱ የመረጠልን ግን ቸርኬውም ትልቅ፣ ጎማውም ረጅም ነበር። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ አይነካም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ።

«እስከ መጨረሻው ለምን ታዞረዋለህ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ጎሮ ወስጄ በየጠባቡ ቅያስ ላስበው ቃል ገባሁና ወጣን። መኪናዋ ጋ ስንደርስ ከኋላዋ ሌላ መኪና ቆሞ ዘግቶናል። ባለቤቱ እስኪመጣ አጎቴ ጎንበስ ብለው የዚያን መኪና ሆድ አዩት። ከፍ ብሏል አሉኝ፤ በቅናት።

እኩለ ቀን፣ ገርጂ

ገርጂ ያገለገለ ጎማና ቸርኬ በየግንቡ ተሰቅሎ የሚሸጥበት አንድ ጥግ አለ። ከአንዱ ምግብ ቤት ደጅ ሽሮ እየበላን ሳለ ሄኖክ መጣ። ሄኖክ እንደ እኔ ቪትዝ እየነዳ ተሳፋሪ የሚጭን ወዳጄ ነው፤ የእሱ ግን አስተዳደጓ ሌላ ነው። አሥራ አምስት ኢንች ቸርኬ፣ ረጅም ጎማ፣ ከሥሩ ደግሞ ስፔሰር። ከሩቅ ስትታይ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴት ትመስላለች።

አጎቴ ሽሯቸውን ትተው ተነሱ። ዞሯት፤ በጣታቸው ለኳት፤ ከዘራቸውን ከሆዷ ሥር አሳልፈው በሌላ በኩል ተቀበሉት። ሄኖክን እንዴት እንደሆነች ጠየቁት። ጉብታ አትፈራም፣ ጎርፍ አትፈራም አላቸው። ቀለበት መንገድ ላይ ነፋስ ሲመታት ትወዛወዛለች፤ ጥምዝ ላይ ቀስ ማለት ነው፤ ይለመዳል። መሪው ሲዞር ትንሽ ትፋቃለች፤ እሱም ይለመዳል።

«ተሳፋሪስ?» አልኩት እኔ። መልሱን አጎቴ እንዲሰሙት ፈልጌ ነበር።

«ወጣቱ ምንም አይልም። በቀደም ግን አንድ እናት በሩን ከፍተው አይተው፣ ‹ልጄ፣ መሰላል ይዘሃል?› አሉኝ።»

አጎቴ ሳቃቸው እንባ እስኪያመጣ ሳቁ። ከተመቸህ ለምን ታማርራለህ፣ ካልተመቸህ ለምን አታወርዳትም ብለው ጠየቁት።

«ልሸጣት ነው እኮ ጋሼ» አለ ሄኖክ። ከፍ ያደረጋት ካቻምና ነው።

ሄኖክ ሊሄድ ሲል ግን አንድ ቁም ነገር ነገረኝ። ወሎ ሰፈር ታምሩ የሚባል ጎሚስታ አለ፤ ሰሞኑን 175 በ65 አሥራ አራት ኢንች ጎማ አስገብቷል። አባዛሁት። ጎኑ መቶ አሥራ ሦስት ሚሊሜትር ከምናምን ይመጣል፤ ከእኛው በሁለት ሚሊሜትር እንኳ አይለይም። ስፋቱ በአንድ ሳንቲሜትር ይጨምራል፤ የራሷ ቸርኬ ላይ ይገባል። መኪናዋ ከፍም ዝቅም አትልም። ቁጥሩ የተለያየ፣ ቁመቱ ያው የሆነ ጎማ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ስንዞር ይህን የነገረን ነጋዴ የለም፤ ምናልባት ምንም የማይለውጥ ነገር መሸጥ ስለሚያሳፍር ይሆናል።

ለአጎቴ ነገርኳቸው። ስፔሰሩም ይቅር፣ እማ አትችለውም አልኳቸው። ሽሯቸው ቀዝቅዞ ነበር።

«እስቲ እናያለን» አሉ።

በእኛ ቤት «እስቲ እናያለን» ማለት ተወስኗል ማለት ነው። ማን እንደወሰነ ግን በኋላ ነው የሚታወቀው።

ከሰዓት፣ ወሎ ሰፈር

ታምሩ ሥራ የሚሠራው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሆቴልና በአንድ ጋራዥ መሐል ነው። ሆቴሉ የሚጮኸውን ኮምፕሬሰሩን ይከሰዋል፤ እሱ ደግሞ የሆቴሉን ጄኔሬተር ይከሳል። የጎማዎቹን ዕድሜ አነበብኩ፤ ያምናውን ዓመት ይላሉ። ጎናቸው ደረቅ ነው፤ አልተቀባም። አንዱ አሥራ አንድ ሺህ ብር። አጎቴ ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አደረጉትና ቀጭን ነው አሉ። ታምሩ ወደ ራሳቸው እግር አየት አድርጎ፣ ቀጭንማ ብዙ ዘመን ያገለግላል አላቸው። ዋጋው ላይ ተከራከሩ፣ ገዛን።

መኪናዋ ተነስታ አራት ግንድ ላይ ተቀመጠች። ታምሩ አሮጌዎቹን በብረት እየፈለቀቀ አዲሶቹን አለበሳቸው። የቀረው ባላንስ ነው። ጎማ ከቸርኬው ጋር እኩል መዞሩን የሚያየው ማሽን ከጀርባ ካለው ሕንፃ ሥር ነው። ጎማዎቼን ለማንም አደራ መስጠት ስላልፈለግኩ ራሴ ሁለት ሁለት እያደረግኩ አንከባለልኳቸው። አንዱ ተመዝኖ ሁለተኛው ማሽኑ ላይ እንደወጣ መብራት ጠፋ።

ባለማሽኑ ሳይቆጣ እጁን ጠረገና ተቀመጠ። አሁን ይመጣል አለኝ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ጎማ ልጠይቀው ብፈልግም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዐስር ሰገድኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጄኔሬተር ያላቸው ሕንፃዎች ሁሉ በየተራ ማጓራት ጀመሩ፤ የእኛ ሕንፃ ግን ሰላማዊ ነው። አንድ ሰው መጥቶ መብራት መጥፋቱን ነገረን። ባለማሽኑ አመሰገነው።

መብራቱ መጥቶ አራቱንም አስመዝኜ ስመለስ ታምሩ ፈገግ አላለልኝም። የማይታየኝ ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። ጎማዎቹ ታሰሩ፤ ግንዶቹ ተነሱ፤ መኪናዋ መሬት ረገጠች። ረገጠች ማለት ይከብዳል። ጅብ የሸተታት አህያ መስላ ቆመች።

የጋራዡ መካኒክ ስፔሰሩን አስገብቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። አጎቴ አጠገቡ ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

«መኪናዋ እንደሆን ተነስታለች» አሉኝ። «ተነስታ እያለች ካልተሠራ መቼ ሊሠራ ነው? ደግሞ ይሄ መብራት አይፈልግም።»

«እማስ ጋሼ?»

«አራት ጣት እኮ ነው ሰይዶ። ትለምደዋለች። ካልሆነም አንስተን እናስቀምጣታለን፤ ስንት ሰው አለ።»

ታላቅን መንገድ ዳር መናገር ነውር ነው፤ ሊብሬውም በእሳቸው ስም ነው። ነዳሁ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ወሎ ሰፈር ያው ወሎ ሰፈር ነው። አጎቴ ግን ከኋላ እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው፣ የቀድሞ መኪናቸው ላይ እንደወጡ ሁሉ ቁልቁል የሰውን አናት ይመለከቱ ነበር።

አመሻሽ፣ አክስቴ ከድጃ በር

ዱዓው አብቅቶ ሴቶቹ እየወጡ ነው። እማ ምርኩዟን ይዛ ከአክስቴ ጋር ወጣች። መጀመሪያ ጎማዎቹን አየች፤ አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ አለች። ቀጥላ ወንበሩን አየችው። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ እኔ በሩን ከፍቼ መሬት መሬት እመለከት ነበር።

ጀርባዋን ሰጠች። ምርኩዟን አስደገፈች። ዝቅ ስትል ወንበሩ እዚያ አልነበረም፤ ጠርዙ ከለመደችው በላይ አገኛት። ጫፉ ላይ አረፍ እንዳለች ላስቲኩ ወደ ፊት አንሸራተታትና በሩን ይዛ ቀረች። እንደገና ሞከረች። ሲወጡ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። አክስቴ ከንፈሯን ነከሰች።

አጎቴ ማዶ ወደ ቆሙት ሁለት የሚኒባስ ረዳቶች እጃቸውን አወዛወዙ። ልጆቹ ቀና ልጆች ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው እየሮጡ መጡ። አንዱ ተሳፋሪ እንደሚጭን ሁሉ እጁን ዘረጋ።

እማ መዳፏን አነሳች። ልጁ ቆመ።

«እኔ ጭነት አይደለሁም ሙሄ» አለች።

ድምፅዋ አልጨመረም፤ ግን የመንገዱ ያ ወገን በሙሉ ሰምቶታል። አጎቴ አራት ጣት ብቻ እንደሆነ ሊያስረዷት ሞከሩ።

«አውቃለሁ። ዛሬ እዚህ አድራለሁ። ነገ ሰይድ የሚመቸኝ መኪና ተከራይቶ ጎሮ ያደርሰኛል። ከዚያ በኋላ ስለ እኔ መንገድ አትቸገሩ።»

ምርኩዟን አንስታ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ወራት ሙሉ የተዘጋ በር አውቀዋለሁ፤ «ምን ጎድሎብኝ» የሚለውንም መልስ። ሴቶቹ አጎቴን ሳያዩ ሰላም እያሉ በየመንገዳቸው ሄዱ። ሁለቱ ረዳቶችም እጅጌያቸውን መለሱ።

አጎቴ ከተከፈተው በር ፊት ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጡ። እንደ እሷ አንድ እግራቸውን ገትረው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው ለመቀመጥ ዝቅ አሉ። ላስቲኩ እሳቸውንም አንሸራተታቸው። ወዲያው ቆሙና ኮታቸውን አራገፉ። ከብዙ ዓመት በፊት ተሳቢ ሲገለበጥ አይቻለሁ ብለው ሲያወሩ እንደዚህ ዓይነት ፊት ነበራቸው።

«ያ መካኒክ ሳይዘጋ ድረስ» አሉኝ።

ደረስንበት። መካኒኩ ልብሱን ሊቀይር ነበር። ያስገባውን እንዲያወጣ ስንነግረው ቁልፉን አስቀምጦ ሳቀ። «ምነው ጋሼ፣ ገዢው ከፍታውን አልወደደውም?»

«ባለቤቷ አልወደደችውም» አሉ አጎቴ።

መካኒኩ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ስለማያውቅ ጥያቄ አላነሳም። መኪናዋ እንደገና ተነሳች፤ ታምሩ ግንዶቹን አቀበለ። ለማስገቢያውም ለማውጫውም እኩል ዋጋ ነው፤ መካኒኩ ፍትሐዊ ሰው ነው። መግሪብን በየተራ ጋራዡ ውስጥ ሰገድን። ብርሃኑ ሲያልቅ አጎቴ ስልካቸውን አብርተው ከሞላው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ምክር አልሰጡም፣ ብሎን አልቆጠሩም፤ ብርሃኑን ብቻ መካኒኩ ወደሚያይበት ይመልሱ ነበር። ስፔሰሮቹን በፌስታል አድርጎ ሲያቀብላቸው ለሌላ ሰው ይሁን አሉት።

ወደ አክስቴ በር ስንመለስ ሌላ ሰው አልነበረም። እማን ለመጥራት እኔ ልገባ ስል አጎቴ ቀደሙኝ። ውስጥ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ቆዩ። ሲወጡ እማ ቀድማ ነበር፤ እሳቸው ምርኩዟን ሳይሆን ሻርፗን ይዘው ከኋላ። ስለ መኪናዋ አልጠየቀችም። በሩ ጋ ስትደርስ አጎቴ ሳያስቡት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እጅህን ሰብስብ» አለቻቸው።

ወደ ኋላቸው አጣመሯቸው። ጀርባዋን ሰጠች፤ ዝቅ አለች፤ ወንበሩ ሊቀበላት የሚገባበት ቦታ ላይ ነበር። ተንሸራትታ ዞረች። አንዱን እግሯን፣ ትንሽ ተንፍሳ ደግሞ ሌላውን አስገባች። አጎቴ ሻርፗን አቀበሏት፤ ተቀብላ ጭኗ ላይ አጠፈችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ በሩን ራሷ ሳበችው። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጎሮ የቀረን መንገድ ብቻ ነበር።